2 ሜትር ከ40 የሚረዝም ፓኖራማ ሸራ ላይ ላሳትም ነው፤ ከመጀመሬ በፊት ምከሩኝ

ጎህ_ሲቀድ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ግድግዳዬ ላይ ትልቅ ሆኖ ካላየሁት ዕረፍት የማይሰጠኝ አንድ ፎቶ አለኝ። ተራሮች ናቸው፣ አንዱ ከአንዱ ኋላ የተሰለፉ። ሸለቆው ጉም ሞልቶታል። ፀሐይዋ ገና ጫፋቸውን ብቻ ነክታለች። ለዚህች ብርሃን ሦስት ጠዋት ተመላልሻለሁ፤ የተሳካልኝ በሦስተኛው ነው።

ካሜራውን ትሪፖድ ላይ ወደ ቁም አዙሬ ከግራ ወደ ቀኝ ሰባት ፎቶ አነሳሁ። ካሜራዬ 24 ሜጋፒክሰል ነው። ሰባቱን ሁጊን በሚባል ፎቶ ማገጣጠሚያ ሶፍትዌር አገጣጠምኳቸው። ጠርዝ ጠርዙ ተቆርጦ የቀረኝ 16,200 በ5,400 ፒክሰል ነው። ከሶፋው በላይ ያለው ግድግዳ 3 ሜትር ከ40 ስለሚረዝም 240 በ80 ሳንቲሜትር ቢሆን ብዬ አስቤያለሁ።

እስካሁን ካሳተምኩት ሁሉ ትልቁ ኤ3 ነው። ስለዚህ ብዙ ነገር ግራ ገብቶኛል። ፒክሰሉ ይበቃል? ሸራው እንጨት ላይ ተወጥሮ እንዲሁ ይሰቀል ወይስ ዙሪያውን ፍሬም ይግባለት? ያላሰብኩት ነገር ካለም ሳታቅማሙ ንገሩኝ።

ባለ_ሌንሱ፦

እህቴ፣ ፒክሰሉ ይበቃሻል፤ ይተርፍሻልም። 240 ሳንቲሜትር ማለት 94.5 ኢንች ነው። 16,200ን ለ94.5 ስታካፍዪው በኢንች 171 ፒክሰል ይወጣል። “300 ካልሆነ አታሳትሙ” የሚባለው በእጅ ተይዞ ለሚታይ ነገር ነው፤ ለአልበም፣ ለመጽሔት። ጤናማ ዓይን ለይቶ የሚያየው ትንሹ ነገር የአንድ ዲግሪ 1/60ኛ ያህል ነው። ከ1 ሜትር ርቀት ላይ ይህ 0.3 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። በኢንች 90 ፒክሰል ቢኖር ዓይን አያማርርም ማለት ነው። በዚያ ላይ የሸራው ሽመና ራሱ ጥቃቅኑን ነገር ያለሰልሰዋል።

ስለዚህ ፋይሉን በሶፍትዌር ለማሳደግ አትድከሚ። ይልቅ አንድ ሰዓት መድበሽ ፎቶውን 100 ፐርሰንት ላይ ከፍተሽ ከግራ ጫፍ እስከ ቀኝ ጫፍ ቀስ ብለሽ ተጓዢበት። ሰባቱ ፎቶዎች የተገናኙበትን ቦታ ሁሉ እዪ። ደመና፣ ጉም፣ ሣር፣ የሚበር ነገር፣ በሁለት ፎቶ መሀል የተንቀሳቀሰ ሁሉ እዚያ ጋ ነው የሚበላሸው። ስልክ ላይ አይታይም። 2 ሜትር ከ40 ላይ ግን ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

አድማሱንም በመስመር ለኪው። መሀሉ ትንሽ ከጎበጠ ሶፋው ቀጥ ያለ መስመር ስለሆነ ወዲያው ያሳብቅበታል።

ጋሼ_ጣውላ፦

ልጄ፣ ፎቶሽ ያምራል ብዬ አምናለሁ። እኔ አናጢ ነኝ፣ የሸራ ፍሬም ስሠራ ብዙ ዓመቴ ነው። ሰዎች ስለ ፒክሰል ሲጨነቁ ከርመው በመጨረሻ ሥራው የሚበላሸው እንጨቱ ላይ ነው። እኔ ደግሞ የምጠይቅሽ ሌላ ነው።

አንደኛ፣ ይህ ነገር በበርሽ ይገባል? ደረጃው መታጠፊያ አለው? ሊፍት ካለ ውስጡን በሜትር ለክተሽዋል?

ሁለተኛ፣ 80 ሳንቲሜትር ስትዪ ፊት ለፊቱን ብቻ ነው የቆጠርሽው። ሸራ ወደ ጎን ይታጠፋል፣ ከዚያ ወደ ኋላ ዞሮ በስቴፕል ይመታል። የእንጨቱ ውፍረት 4 ሳንቲሜትር ቢሆን፣ ለኋላው ቢያንስ 3 ጨምሪ። በእያንዳንዱ ጎን 7 ሆነ። ስለዚህ የምታሳትሚው ሸራ 254 በ94 ነው። እሱን ይዘሽ ነው ማተሚያ ቤት የምትሄጂው።

ሦስተኛው ዋናው ነው። ሸራ ሲወጠር እንጨቱን ወደ ውስጥ ይስባል። 60 ሳንቲሜትር ላይ አይታወቅም። 240 ላይ ግን ረጅሞቹ ሁለት እንጨቶች መሀላቸው ላይ ወደ ውስጥ ይጎብጣሉ። አንድ ጊዜ 2 ሜትር የሚሆን ሥራ ያለ መሀል ድጋፍ ሠርቼ ነበር። ደንበኛው ቸኩሎ ነበርና እኔም እሺ አልኩት። ከሁለት ወር በኋላ ሄጄ ሳየው መሀሉ 1 ሳንቲሜትር ተኩል ገብቷል። ዙሪያውን ፍሬም ስለነበረው ክፍተቱ ጫፍ ላይ ጠባብ፣ መሀል ላይ ሰፊ ሆኖ ይታይ ነበር። አውርጄ እንደገና ሠራሁት። ከዚያ ወዲህ በየ60 ሳንቲሜትሩ ከላይ ወደ ታች ተሻጋሪ ካላስገባሁ አልወጥርም። ለአንቺ ሦስት ተሻጋሪ ይበቃል።

እንጨቱ ደግሞ በደንብ የደረቀ ይሁን። እርጥብ ሞራሌ ዛሬ ቀጥ ብሎ ነገ ይጠመዘዛል። ከመግዛትሽ በፊት አንዱን ጫፍ ዓይንሽ ጋ አድርገሽ እንደ ጠመንጃ አነጣጥረሽ እዪው፤ መጣመሙን ያኔ ታገኚዋለሽ።

ጎህ_ሲቀድ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። 254 በ94 ብለው ሲጽፉልኝ ቶሎ ብዬ ማተሚያ ቤቱ ጋ ደወልኩ። ያላቸው ጥቅል ስፋቱ 91 ሳንቲሜትር ነው አሉኝ። ሳልጠይቅ ሄጄ ቢሆን ኖሮ እዚያው ቆሜ ነበር የምቀረው።

ሌላም ነገር አየሁ። ትልቁ ተራራ ጫፉ ከፎቶው የላይኛው ጠርዝ 3 ሳንቲሜትር ዝቅ ብሎ ነው ያለው። 4 ሳንቲሜትሩ ወደ ላይ ከታጠፈ ጫፉ ታጥፎ ሊቀር ነው። ምን ላድርግ? እንደገና ላንሳው እንዳልል ያ ጠዋት አይመለስም።

ቀለም_ቀማሚ፦

እኔ የምሠራው ትልልቅ ማተሚያ ላይ ነው። ሁለቱንም ችግር እንፈታዋለን፣ አትደንግጪ።

ጥቅሉ የተለመደ ስፋት አለው፤ 24፣ 36፣ 44፣ 60 ኢንች። የነገሩሽ 36ቱን ነው። 44 ኢንች፣ ማለትም 111.8 ሳንቲሜትር የሚያትም ቦታ ፈልጊ። 94 ያለችግር ይገባበታል። በ36ቱ ላይ ለመሥራት ብለሽ ቁመቱን ወደ 76 ዝቅ እንዳታደርጊ። የሚታጠፈው 14 ተጨምሮበት 90 ይሆናል። ማተሚያው ግራና ቀኝ የሚተወው ነጭ አለ፣ ለመወጠርም መያዣ ያስፈልጋል። ጣቶችሽ ናቸው የሚሰቃዩት።

ለተራራው ጫፍ፦ ፎቶሽን ለመታጠፊያ አትሰዊ። ዙሪያውን 7 ሳንቲሜትር ባዶ ቦታ በፋይሉ ላይ ጨምሪ። እሱን በሁለት መንገድ መሙላት ትችያለሽ። አንዱ የጠርዙን ምስል እንደ መስታወት ገልብጦ መድገም ነው። ከጎን ሲታይ ፎቶው የቀጠለ ይመስላል። ሌላው ዙሪያውን አንድ ቀለም መቀባት ነው፤ ከፎቶሽ ጥላ ላይ የተወሰደ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ለምሳሌ። ፍሬም የምታስገቢለት ከሆነ ጎኑ ብዙም ስለማይታይ አንድ ቀለም በቂ ነው። ፊት ለፊቱ 240 በ80ው ሙሉውን ይቀርልሻል፣ ተራራሽም ከነጫፉ።

ፋይሉን ቲፍ (TIFF) በሚባለው የፋይል ዓይነት አስቀምጪ፣ ቀለሙ እንዴት እንደሚነበብ ለማተሚያው የሚነግረው የቀለም ፕሮፋይልም አብሮት ይሁን። ስትሰጪያቸው “በራሱ መጠን ይታተም፣ ገጹን እንዲሞላ አታስተካክሉት” ብለሽ ጻፊላቸው። ይህች አንዲት መስመር ብዙ ሸራ ታድናለች።

ከሁሉ በላይ ግን ሙሉውን ከማሳተምሽ በፊት ቁራጭ አሳትሚ። ትንሽ ተደርጎ የተቀነሰ ፎቶ ማለቴ አይደለም። በሙሉ መጠኑ ላይ ካለው ፋይል 30 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ ከሰማዩ፣ አንድ ከጉሙ፣ አንድ ከጨለማው ሸለቆ ቆርጠሽ ጎን ለጎን አስቀምጪና በዚያው ሸራ ላይ ይታተምልሽ። ስክሪን ከኋላው መብራት አለው፣ ሸራ የለውም። ማት፣ ማለትም የማያብረቀርቅ ሸራ ደግሞ ጥቁሩ ከሚያብለጨልጭ ወረቀት ያነሰ ጥልቀት አለው። የሞኒተርሽ ብርሃን እስከ መጨረሻ ከፍ ተደርጎ ከሆነ ያስተካከልሽው ፎቶ ጨልሞ ነው የሚመጣልሽ።

ሦስት_ክፍል፦

እኔ ደግሞ ሌላ ሐሳብ ላምጣ። ለምን ሦስት ቦታ አትከፍይውም? 78 በ80 የሆኑ ሦስት ሸራዎች፣ በመሀላቸው 3 3 ሳንቲሜትር ክፍተት። ድምሩ ያው 240 ነው። እንጨቱ አይጎብጥም፣ በደረጃ ይወጣል፣ አንዱ ቢበላሽ አንዱን ብቻ ታሳትሚያለሽ። እኔ የባሕር ዳርቻ ፎቶ እንዲህ አድርጌ አምስት ዓመት ሆነው፣ አንድም ቀን አልቆጨኝም።

ባለ_ሌንሱ፦

ወንድሜ፣ ለባሕር ዳርቻ እስማማለሁ። ለእሷ ተራሮች ግን ይከብደኛል። የዚያ ፎቶ ነገሩ የተራሮቹ ጀርባ ሳይቋረጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ መሄዱ ነው። ዓይን መስመሩን ይዞ ይጓዛል። ሁለት ቦታ ስትቆርጠው ጉዞው ይሰበራል።

ለመክፈል ከወሰነች ግን አንድ ነገር ትጠንቀቅ። ክፍተቱም የፎቶው አካል ነው። ከየመሀሉ 3 ሳንቲሜትር ምስል መጣል አለባት፣ ልክ በመስኮት ፍሬም ኋላ እንደተደበቀ። ያ ካልተደረገ የተራራው መስመር ከአንዱ ሸራ ወደ ሌላው ሲሻገር ደረጃ ይሠራል። ብዙ ሰው ይህችን ይረሳታል።

ጎህ_ሲቀድ፦

ትናንት ማታ ሁለት የመጥረጊያ እንጨት በፕላስተር አያይዤ ልክ 240 አደረግኳቸው። ከታች ካርቶን አስሬ 80 ቁመት ሰጠሁት። ከጎረቤቴ ጋር ተሸክመነው ደረጃውን ወጣን። ሊፍቱ ውስጡ 210 ስለሆነ እሱ ከጅምሩ ቀረ። አንደኛው ፎቅ አለፈ። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ከጣሪያውና ከመደገፊያው ብረት መሀል ተቀረቀረ። አዘነበልነው፣ ገለበጥነው፣ እምቢ አለ። 

መክፈሉን አሰብኩበት። ግን ባለ ሌንሱ ያለው እውነት ነው። ፎቶውን ስክሪን ላይ በሦስት ከፍዬ አየሁት፤ ሁለተኛው መቁረጫ ልክ ትልቁ ተራራ ትከሻ ላይ ያርፋል። አልቻልኩም። ጋሼ፣ ቤት ውስጥ መወጠር ይቻላል?

ጋሼ_ጣውላ፦

ይቻላል እንጂ ልጄ። እንዲያውም ለዚህ መጠን ያ ነው የሚሻለው። እንጨቶቹ ተቆርጠው ተዘጋጅተው ለየብቻ ይምጡ። ሸራው ተጠቅልሎ ይምጣ፣ የታተመበት ፊት ወደ ውጭ ሆኖ። ወደ ውስጥ ከተጠቀለለ ቀለሙ ይጨማደዳል። ቱቦው ወፈር ያለ ይሁን፤ ከ15 ሳንቲሜትር ባያንስ ደስ ይለኛል።

እንጨቱን ከመቁረጥሽ በፊት የታተመውን ፊት በሜትር ለኪ። ሸራ ከታተመና ቫርኒሽ ከተቀባ በኋላ ትንሽ ሊያጥር ይችላል። 239.5 ሆኖ ከመጣ እንጨቱን ለ239.5 ትቆርጫለሽ። ሸራውን ለእንጨቱ ማስረዘም አይቻልም።

እንጨቱ የውጭ ጠርዙ ከፍ ያለ፣ ወደ ውስጥ ዘቅዘቅ ያለ ይሁን። ሸራው የሚያርፈው በዚያች ጠርዝ ላይ ብቻ ነው። ጠፍጣፋ ጣውላ ከሆነ የውስጠኛው ጠርዝ ከጊዜ በኋላ በሸራው ላይ መስመር ሠርቶ ይወጣል። ተሻጋሪዎቹም ከፊት ጠርዙ ዝቅ ይበሉ፣ ሸራውን እንዳይነኩ። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሺው።

አራቱን ስትገጥሚ ማዕዘኑን በስኳድራ እዪ፣ ግን በስኳድራ ብቻ አትመኚ። በዚህ ርዝመት ትንሽ ስህተት ጫፍ ላይ ትልቅ ነው። ከጥግ እስከ ጥግ ሁለቱንም አግድም ለኪ። 240 በ80 ከሆነ ሁለቱም 253 መምጣት አለባቸው። አንዱ 254 አንዱ 252 ከሆነ ተዛንፏል፤ ረጅሙን ጥግ ገፋ አድርጊው።

ጥጎቹን በኮላ አትዝጊ። ሽብልቅ፣ ጥጉን ከፈት አድርጎ ሸራውን የሚወጥር ቀጭን የእንጨት ቁራጭ፣ የሚገባበት ቦታ ተዪላቸው። አንድ ቀን ሸራው ሲላላ ታመሰግኚኛለሽ።

አሁን መወጠሩ። መሬት ላይ ንጹሕ ብርድ ልብስ አንጥፊ። አንዲት ጠጠር እንኳ ብትኖር በጉልበትሽ ስትጫኚ ሸራውን ትበሳዋለች። ሸራውን በፊቱ ድፊው፣ እንጨቱን ከላይ አስቀምጪ። የአራቱንም ጎን መሀል በእርሳስ ምልክት አድርጊ፣ ሸራውም ላይ እንጨቱም ላይ። ከረጅሙ ጎን መሀል ጀምሪ፣ ሦስት ስቴፕል። ዞረሽ በትይዩ ያለውን መሀል ስበሽ ሦስት። ከዚያ የአጭሮቹ መሀል። ከዚያ ከመሀል ወደ ጥግ፣ አንድ ጊዜ ወዲህ አንድ ጊዜ ወዲያ፣ በየ5 ሳንቲሜትሩ። አንዱን ጎን ጨርሰሽ ወደ ሌላው እንዳትሄጂ፣ ሸራው ይጣመምብሻል። መሳቢያ አፈ ሰፊ ፒንሳ አለ፤ ያለ እሱ ጣትሽ ይላጣል። ሁለት ሰው ሁኑ። በጣት ስትመቺው እንደ ከበሮ ቢጮኽ ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሳብሽ ቀለሙ ማጠፊያው ላይ ይሰነጠቃል።

አዲስ_ገቢ፦

ስትጽፉ አንብቤ አልጠግብ ብዬ ነው። መስታወት አይገባለትም እንዴ? አቧራ አይበላሽበትም?

ቀለም_ቀማሚ፦

መስታወት ለወረቀት ነው። ሸራ ያለ መስታወት የሚታይ ነገር ነው፤ ያማረው ሽመናው መብራት ሲነካው ነውና። መከላከያው ቫርኒሽ ነው። ውሃ ላይ የተመሠረተ አክሪሊክ፣ ለታተመ ሸራ ተብሎ የተሠራ።

አጣዳፊ ነገር አይደለም። ሸራው ከማተሚያው ከወጣ በኋላ 24 ሰዓት ይድረቅ። ከዚያ በስፖንጅ ሩሎ ስስ አድርገሽ አንድ ዙር፣ ሲደርቅ ሁለተኛውን በሌላ አቅጣጫ። ወፍራም አንድ ዙር ከምትቀቢ ስስ ሁለት ዙር ይሻላል። መስኮት ፊት ለፊት የሚሰቀል ከሆነ የማያብረቀርቀውን ምረጪ፣ ካልሆነ ቀን ቀን የምታዪው መስኮቱን ይሆናል።

ቫርኒሹ ከመወጠሩ በፊት ይቀባ። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ቸኩዬ ያልተቀባ ሸራ ወጠርኩ። ጥቁር ጠርዝ ነበረው። እጥፋቱ ላይ ነጭ መስመር ወጣ፣ ፀጉር የመሰለ፣ ከጥግ እስከ ጥግ። በብሩሽ ልሸፍነው ሞከርኩ፣ ግን ከጎን ብርሃን ሲያርፍበት እስከ መጨረሻው ይታይ ነበር። ክፍሉ ቀዝቃዛ ከሆነም ሸራው ድርቅ ይላል፤ ሞቅ ያለ ቤት ውስጥ ወጥሩት።

ቀለሙን ደግሞ ጠይቂያቸው። ፒግመንት የሚባለው፣ ቶሎ የማይደበዝዘው ይሁን። እና ፀሐይ ቀጥታ የሚመታበት ግድግዳ ላይ ምንም ዓይነት ቀለም አይሰቀልም።

ጎህ_ሲቀድ፦

የሙከራ ቁራጮቹ መጡ። ቀለም ቀማሚ፣ ነፍሴን ነው ያዳንከው።

ሸለቆው ጨለማ ውጦት ነበር። ስክሪን ላይ ዛፎቹ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ፣ ሸራው ላይ አንድ ጥቁር ነገር ሆነዋል። የሞኒተሬን ብርሃን ግማሽ ያህል ቀንሼ ፎቶውን እንደገና ሠራሁት። ጥላውን ብቻ ከፍ አደረግኩ፣ ጉሙን አልነካሁም። ሰማዩ ላይ ደግሞ ሰማያዊው ወደ ብርቱካናማ ሲሸጋገር መስመር መስመር ሠርቶ ነበር። ምክንያቱን ፈልጌ አገኘሁት፤ የሠራሁት በ8 ቢት ጄፒጂ ላይ ነው፣ የሚይዘው የቀለም ደረጃ ጥቂት ነው። ወደ መጀመሪያዎቹ ጥሬ ፋይሎች ተመልሼ በ16 ቢት ከአዲስ ገጣጠምኩት። ሁለተኛው ቁራጭ ላይ መስመሩ የለም።

ባለ ሌንሱ እንዳለውም በ100 ፐርሰንት ተጓዝኩበት። አራተኛውና አምስተኛው ፎቶ የተገናኙበት ላይ ከጉሙ በላይ አንድ ወፍ አገኘሁ። ግማሽ ወፍ። አንድ ክንፍና ጅራት አለው፣ ቀሪው ሰማይ ነው። ወር ሙሉ ስክሪኑ ላይ ሳየው አንድም ቀን አላስተዋልኩትም። አምስተኛው ፎቶ ላይ ሙሉው ወፍ ስላለ ማስኩን፣ ማለትም የትኛው ፎቶ የቱ ጋ እንደሚታይ የሚወስነውን፣ አስተካክዬ ክንፉን መለስኩለት።

አሁን አሰቃቀሉ ቀረኝ። በሽቦ ይሻላል?

ጋሼ_ጣውላ፦

ሽቦ አይሆንም። ረጅም ነገር በሽቦ ሲሰቀል ሽቦው ጎንና ጎኑን ወደ መሀል ይስባል። ሁልጊዜም ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል።

አንድ ጣውላ በርዝመቱ 45 ዲግሪ አጋድመሽ ለሁለት ሰንጥቂ። አንዱን ግማሽ ስለቱ ወደ ላይ ሆኖ፣ ወደ ግድግዳው ዘቅዝቆ፣ ግድግዳው ላይ በፊሸርና በብሎን እሰሪ። ሌላውን ገልብጠሽ በፍሬሙ ጀርባ በላይኛው እንጨት ላይ። አንዱ አንዱ ላይ ይቀመጣል። ክብደቱ በሙሉ ርዝመቱ ይከፋፈላል፣ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ማንሸራተትም ይቻላል። የግድግዳውን በውሃ ልክ እዪ። ከታች በኩል ጀርባው ላይ በዚያው ውፍረት ትንሽ ጣውላ ለጥፊ፣ አለበለዚያ ታችኛው ጠርዝ ወደ ግድግዳው ይተኛል።

ፍሬም ካስገባሽለት በሸራውና በፍሬሙ መሀል ዙሪያውን 8 ሚሊሜትር ክፍት ተዪ። ሸራው ተንሳፍፎ የቆመ ይመስላል። ሸራውን ከፍሬሙ ጋር የሚያስረው ብሎን ከጀርባ ነው የሚገባው። ፍሬሙም እንደ እንጨቶቹ ተበታትኖ ይምጣ፣ እዚያው ይገጠም።

ባለ_ሌንሱ፦

ከፍታውን በተመለከተ፦ ባዶ ግድግዳ ላይ ቢሆን መሀሉ ከወለሉ 150 ሳንቲሜትር ገደማ ይሁን እል ነበር። ከሶፋ በላይ ግን ከሶፋው ራስ 20 ሳንቲሜትር ከፍ ይበል፣ ከዚያ በላይ ከራቀ ሶፋውና ፎቶው ይለያያሉ።

ጎህ_ሲቀድ፦

ተሰቀለ።

ቅዳሜ ከጠዋቱ እስከ ከሰዓት በኋላ ፈጀብን። እኔ፣ እህቴና ጎረቤቴ። የሳሎኑን ጠረጴዛ ወደ ኮሪደር አውጥተን መሬቱን ሁለት ጊዜ ጠረግነው። መጀመሪያ አግድሙ 253ና 253.4 ነበር። ጋሼ፣ እርስዎ በጻፉት መሠረት ጥጉን በጎማ መዶሻ ቀስ ብዬ ነካ ነካ አደረግኩት፣ ሁለቱም 253.2 ላይ ቆሙ። እህቴ ሸራውን ስትስብ እኔ ስቴፕል መታሁ። ከጨረስን በኋላ ገልብጠን ስናቆመው ሦስታችንም ዝም አልን። 

ትልቁ ተራራ ከነጫፉ አለ። ዛፎቹ ይቆጠራሉ። ወፉም ሁለት ክንፍ አለው፤ ቀርቦ ለሚያይ ሰው አራት ሳንቲሜትር ያህል ነው።

አንድ ነገር ብቻ፦ በስተግራ ታችኛው ጥግ ላይ ሸራው ትንሽ ላላ ብሎ ሞገድ ሠርቷል። ከጎን መብራት ሲበራ ይታያል። ስቴፕሉን ልንቀለው?

ጋሼ_ጣውላ፦

አትንቀዪው። ለሽብልቁ ቦታ ተዪ ያልኩሽ ለዚህ ነው። በዚያ ጥግ ሁለት ሽብልቅ አሉ፤ ሁለቱንም እኩል እኩል፣ በትንሽ መዶሻ፣ ሁለት ሁለት ጊዜ ብቻ ንኪያቸው። ከሸራው ጀርባ ካርቶን አስገቢ፣ መዶሻው ቢያመልጥሽ እንዳይመታው። ከዚያ አንድ ቀን ተዪውና ነገ ማታ መብራቱን አብርተሽ እዪው።

ጎህ_ሲቀድ፦

ሁለት ሁለት ጊዜ ነካሁት። ዛሬ ማታ አየሁት፣ ሞገዱ የለም።